ለምን ቶሎ ይርበኛል? ስለ ረሃብና ጥጋብ ሆርሞኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃንም፣ በሸዋ ሮቢትም፣ በመሐል ሜዳም ሰው ስለ አበላሉ ሲያማርር ጥፋቱን ወዲያው ወደ ራሱ ያዞራል። «ሆዴ አይጠግብም»፣ «ራሴን መግዛት አቃተኝ» ይላል። ጥጋብ ግን የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጨጓራና ከአንጀት ወደ አንጎል የሚላክ መልእክት አለ። ከመልእክተኞቹ ዋነኞቹ በደም የሚጓዙ ሆርሞን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። መልእክቱ መቼ እንደሚወጣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ የትኛው ምግብ እንደሚቀሰቅሰው በደንብ ተጠንቷል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሰው ደጋግሞ የሚያነሳቸው ናቸው። መልሶቹን ስጽፍ በሐሳቤ የነበረው የራሳችን ጓዳ ነው፤ ገብሱ፣ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ማሾው።

ረሃብና ጥጋብን የሚያዙት ሆርሞኖች የትኞቹ ናቸው?

ብዙ ናቸው። ለዕለት ኑሮ ግን አምስቱን ማወቅ ይበቃል።

ግሬሊን የረሃብ ሆርሞን ነው። በአብዛኛው የሚመነጨው ከጨጓራ ነው። ሆድ ባዶ ሲቆይ ይጨምራል፤ ስንበላ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኙት ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ ናቸው።

ሲሲኬ የሚባለው ከትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ይወጣል። የሚነቃው ቅባትና ፕሮቲን ሲደርሱበት ነው። የሐሞት ከረጢትን ጨምቆ ሐሞት ያስወጣል፤ ለአንጎልም «በቃ» ይላል። ከጥጋብ ሆርሞኖች ቀድሞ ከሚደርሱት አንዱ ነው።

ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ በብዛት የሚመነጩት ከአንጀት የታችኛው ክፍል ነው። ጂኤልፒ-1 ቆሽት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲለቅ ያግዛል። ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድም ያዘገያል። የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳል። ፒዋይዋይም እንዲሁ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ከበላን በኋላ ለሰዓታት ከፍ ብሎ ይቆያል።

አምስተኛው ሌፕቲን ነው። እሱ የአንጀት አይደለም፤ ከሰውነት ስብ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን አገኘው። ሌፕቲን ስለ አንድ ማዕድ አይናገርም። ጎተራው ሙሉ ነው ወይስ እየጎደለ ነው የሚለውን ነው ለአንጎል የሚነግረው።

በልቼ ስጨርስ ሳይሆን ቆይቶ ነው ጥጋቡ የሚሰማኝ። ለምን?

የጥጋብ መልእክት በሁለት መንገድ ስለሚመጣ ነው። አንደኛው የጨጓራ መለጠጥ ነው። እሱ በነርቭ በኩል ቶሎ ይደርሳል። ሁለተኛው የሆርሞኖቹ ነው። እነሱ እንዲወጡ ምግቡ አንጀት መድረስ አለበት። ይህ ነገር ጊዜ ይፈልጋል፤ በተለምዶ 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚባለው። ሰው ደግሞ ከሥራ ወጥቶ ምሳውን በ5 ደቂቃ ጠራርጎ ይነሳል። ሆርሞኑ ሲደርስ ሁለተኛው እንጀራ አልቋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የግሪክ ጥናት ይህን በቀላሉ አሳይቷል። ሰዎቹ 300 ሚሊ ሊትር አይስክሬም ተሰጣቸው። አንድ ቀን በ5 ደቂቃ፣ ሌላ ቀን በ30 ደቂቃ በሉት። ምግቡ ያው፣ መጠኑም ያው ነው። በ30 ደቂቃ ሲበሉት ግን ጂኤልፒ-1ም ፒዋይዋይም የበለጠ ከፍ አሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምመክረው ምንም ወጪ የሌለውን ነው። ጉርሻዎን ያሳንሱ። በደንብ ያላምጡ። ለተጨማሪ እንጀራ እጅዎን ከመዘርጋትዎ በፊት ትንሽ ጨዋታ ይጫወቱ፤ ውሃ ይጎንጩ። ከዚያ በኋላም ከራበዎት ይጨምሩ፤ ነውር የለውም።

ጠዋት ሁለት ዳቦ በሻይ በልቼ እወጣለሁ። 4 ሰዓት ሳይሞላ ይርበኛል። ምን ሆኜ ነው?

እርስዎ ምንም አልሆኑም። ችግሩ ቁርሱ ላይ ነው።

የፉርኖ ዳቦ የሚሠራው ገለባው ከወጣለት ዱቄት ነው። ቶሎ ይፈጫል፤ አብዛኛው በትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ተመጥጦ ያልቃል። ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ በብዛት የሚወጡበት የታችኛው ክፍል የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሻይው ውስጥ ያለው ሦስት ማንኪያ ስኳር ደግሞ ፈሳሽ ስለሆነ ጨጓራ ውስጥ አይቆይም። ፕሮቲኑም ትንሽ ነው። የደም ስኳር ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎ ይወርዳል። ሲወርድ ረሃቡ ተመልሶ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1995 በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሱዛና ሆልትና ባልደረቦቿ 38 ምግቦችን በጥጋብ አወዳድረዋል። የሁሉም ካሎሪ እኩል ነበር። ለነጭ ዳቦ 100 ነጥብ ሰጥተው ሌሎቹን ከእሱ አንጻር ለኩ። ክሩዋሳን የሚባለው ቅቤ የበዛበት የፈረንጅ ዳቦ 47 አገኘ። የተቀቀለ ድንች 323 አገኘ፤ ከሁሉም አንደኛ ወጣ። ድንች እኛ ደጋ ላይ የሞላ ነገር ነው። የተጠበሰው ግን ሌላ ምግብ ነው፤ ነጥቡ ለተቀቀለው ነው።

ዳቦውን ይተዉ አልልም። አንዱን ዳቦ ያስቀሩና በእሱ ቦታ ፉል ወይም ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ያስገቡ። የሻይውን ስኳር ወደ አንድ ማንኪያ ያውርዱ። ጊዜ ካለ ቂንጬ ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

ጊዜ ለሌለው ሰው ደግሞ ንፍሮ አለ። ማታ ሁለት እፍኝ ባቄላና አንድ እፍኝ ስንዴ አጥበው ይዘፍዝፉ። ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍተው በአዲስ ውሃ ይጣዱት። ባቄላውን በጣትዎ ሲጫኑት ሳይፈርስ ለሁለት ከተከፈለ ደርሷል። ጨው ጣል ያድርጉበትና ውሃውን አጥልለው በጨርቅ ላይ ያሰጡት፤ እንዲያ ሲሆን አይዝለገለግም። የባቄላውን ልጣጭ አይጣሉ። አሰሩ፣ ማለት በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ የሚያልፈው የእህሉ ክፍል (ፋይበር)፣ በብዛት ያለው እሱ ላይ ነው። በትንሽ ዕቃ ይዘው ቢወጡ የ4 ሰዓቱን ቦንቦሊኖ ይተካልዎታል።

ከአካባቢያችን እህል የትኛው ነው አጥግቦ የሚያቆየው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው መፍትሔ ከሩቅ የሚፈልገው ከጎኑ ያለውን ስለሚንቅ ነው።

ከገብስ እንጀምር። በመንዝ፣ በአንኮበር፣ በጣርማበር ደጋ ገብስ የኑሮ መሠረት ነው። ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለ። ውሃ ሲያገኝ ይወፍራል፣ ይዝለገለጋል። ጨጓራ ውስጥ ምግብ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል፤ ስኳርም ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኮሌስትሮልን ለመቀነስ እንደሚረዳ የአሜሪካም የአውሮፓም የምግብ ተቆጣጣሪዎች ተቀብለውታል።

ገብሱ ግን እንዴት እንደቀረበ ወሳኝ ነው። ቆሎ ማላመጥ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በፍጥነት አይበላም። በሶ በጭብጦ ሲሆንም እንዲሁ ነው። በሶ በጥብጠው ስኳር ወይም ማር አብዝተው ሲጠጡት ግን በሁለት ደቂቃ ያልቃል። እህሉ አንድ ሆኖ የሚሰማዎት ጥጋብ ይለያያል። መንገደኛና የጉልበት ሠራተኛ ቢጠጣው ጉልበት ይሰጠዋል፤ ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ግን ጭብጦው ይሻላል።

ቀጥሎ ጥራጥሬ ነው። ባቄላና አተር ከደጋው፣ ሽምብራና ምስር ከምንጃር ሸንኮራ፣ ማሾ ከሸዋ ሮቢት ቆላ። ደረቅ ጥራጥሬ ከ100 ግራም ውስጥ ከ20 እስከ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ፕሮቲን ከሁሉም ምግብ የበለጠ የጥጋብ ሆርሞኖችን ይቀሰቅሳል። ጥራጥሬ ላይ ደግሞ አሰሩም አብሮ አለ።

ያ አሰር ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አሲዶች ያወጣሉ። እነዚህ አሲዶች ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ የሚያመነጩትን ሴሎች ይነካካሉ። ዛሬ ማታ የበሉት ባቄላ ነገ ጠዋትም ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሆድ መንፋቱም የመጣው ከዚሁ ማብላላት ነው። ካልለመዱት በጥቂቱ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ ይጨምሩ። መዘፍዘፍና የዘፈዘፉበትን ውሃ መድፋት በጣም ይረዳል።

ማሾ የሚያሳዝነኝ እህል ነው። የሚመረተው እዚሁ ነው፤ አብዛኛው ግን ተጭኖ ወደ ውጭ ይሄዳል። ገበሬው ሽጦ ፓስታ ገዝቶ ይገባል። ማሾ እንደ ምስር ወጥ ይሠራል፤ ከሩዝ ጋርም ይቀቀላል። ለመብሰል እንደ ባቄላ አያስቸግርም።

ተልባም አይረሳ። ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ልጋግ እንደ ገብሱ ያለ የሚሟሟ አሰር ነው። አንድ ሁለት ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በብርጭቆ ውሃ በቂ ነው። ውሃ ሳያበዙ ግን አይውሰዱት፤ ሆድ ያደርቃል።

እንጀራስ? ያጠግባል ወይስ ቶሎ ያስርባል?

የጤፍ እንጀራ ከነጭ ዳቦ ይሻላል። ጤፍ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከነገለባው ነው የሚፈጨው፤ አሰሩ አይወገድም። ጤፍና ገብስ ተቀላቅሎ ሲጋገር ደግሞ ጥሩ ነው።

ጥያቄው ያለው ከወጡ ጋር ባለው ሚዛን ላይ ነው። ብዙ ቤት እንጀራው ሦስት፣ ሽሮው ለማጥቀሻ ብቻ ነው። ይህን ገልብጡት ማለት ኑሮን አለማወቅ ይሆናል። ግን አንድ እንጀራ ቀንሶ ሽሮውን ወፈር፣ ጎመኑን በርከት ማድረግ ለብዙ ቤት ይቻላል። ሰላጣውን፣ ጎመኑን ወይም የምስር ሾርባውን አስቀድመው፣ እንጀራውን አስከትለው ቢበሉ ደግሞ ከምግብ በኋላ የደም ስኳር እንደዚያ አይወጣም። ይህ በስኳር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ የታየ ነው።

ሁዳዴን እጾማለሁ። በጾም ረሃብ እየባሰ መሄድ አልነበረበትም?

አይብስም። ይህን ጿሚ ሁሉ በራሱ ያውቀዋል፤ ሳይንሱም ያው ነው። ግሬሊን ቀኑን ሙሉ እየጨመረ አይሄድም። ሰውነት በለመደው የምግብ ሰዓት ከፍ ይላል። ባይበሉም እንኳ ትንሽ ቆይቶ ይወርዳል። ለዚህ ነው የምሳ ሰዓት ሲያልፍ ረሃቡም ያለፈ የሚመስለው። በሁዳዴ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፤ ከዚያ ሰውነት አዲሱን ሰዓት ይለምደዋል።

የሚያስቸግረው የጾሙ ሰዓት ሳይሆን ማዕዱ ላይ የሚሆነው ነው። 9 ሰዓት ላይ ከቅዳሴ የወጣ ሰው በፍጥነት ይበላል። የሚበላውም ብዙ ጊዜ ዳቦ፣ ፓስታ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንች ነው። ጾም ሆኖ ሳለ 55 ቀን ሲያልቅ ክብደት የጨመረ ሰው የምናየው ለዚህ ነው። በውሃና በምስር ሾርባ ይጀምሩ። ጥቂት አረፍ ይበሉ። ከዚያ ሽሮውን፣ ጎመኑን፣ የሱፍ ፍትፍቱን ያስከትሉ። የጾም ምግባችን ጥራጥሬ ላይ የቆመ ስለሆነ በአግባቡ ከተበላ ከፍስኩ የበለጠ ያጠግባል።

ረመዳን የሚጾሙ ወንድሞችና እህቶችም ሱሁር ላይ የገብስ ገንፎ ወይም ፉል ቢያደርጉ ከዳቦ በሻይ ይልቅ ያቆያቸዋል።

የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የደም ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። ለታመመ ሰው የሃይማኖት አባቶችም መንገድ አላቸው።

ቅቤና ዘይት ያጠግባሉ ይባላል። ልጨምር?

ቅባት ሲሲኬን ይቀሰቅሳል፤ የጨጓራንም ሥራ ያዘገያል። ይህ እውነት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ወጡ ላይ ያለው በቂ ነው። ለመጥገብ ብሎ መጨመር ኪሳራ ነው።

ቡና ረሃብን ይዘጋል?

ለአጭር ጊዜ ለአንዳንዱ ሰው ይዘጋል። ጥጋብ ግን አይደለም። ቁርስን በቡና የሚተካ ሰው የቀረበትን ምሳ ላይ ሲያካክስ ይታያል። በሦስት ማንኪያ ስኳር ሦስቱንም ስኒ ከጠጡት ደግሞ ነገሩ ቡና መሆኑ ይቀራል። የቡና ቁርሱ ቆሎ ወይም ንፍሮ ከሆነ ግን ጥሩ መክሰስ ነው።

ጠላና አረቄስ?

አልኮል ራሱ ካሎሪ አለው፤ የጥጋብ መልእክት ግን እንደ ምግብ አይሰጥም። ሰው ጠጥቶ ሲበላ የበለጠ እንደሚበላ በጥናትም ታይቷል። አረቄ የቀመሰ ሰው ጥብሱን የት እንዳደረሰው አያውቀውም። በባዶ ሆድ አይጠጡ።

ጫት ስቅም አይርበኝም። ይህ ሆርሞን ላይ ይሠራል ማለት ነው?

ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ይህ የታወቀ ነው። የሚያስገርመው የሚዘጋበት መንገድ ነው። የሚቅሙ ሰዎች ደም ተወስዶ ሲታይ ረሃባቸው ቀንሶ ሳለ ግሬሊናቸውም ፒዋይዋያቸውም አልተለወጠም። ካቲኖን የተባለው በጫቱ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር በቀጥታ አንጎል ላይ ስለሚሠራ ይመስላል። ሰውነቱ ምግብ አላገኘም፤ የረሃቡ ስሜት ብቻ ነው የተሸፈነው። ምርቃናው ሲወርድ እንቅልፍ ይጠፋል፣ አበላል ይዛባል። ክብደት ለመቀነስ ብሎ መቃም በሽታ መግዛት ነው። አደራ፣ ወጣቶች ይህን መንገድ አትሞክሩት።

እንቅልፍ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ተገናኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 12 ጤናማ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። በደንብ ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ሌፕቲን በ18 በመቶ ቀነሰ፤ ግሬሊን በ28 በመቶ ጨመረ። የሚያምራቸውም ጣፋጭና ጨዋማ ነገር ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ሲነካካ የሚያመሽ ሰው ነገ ጠዋት ሆዱን ከመውቀስ በፊት እንቅልፉን ይቁጠር። የሌሊት ፈረቃ ያለባቸው የፋብሪካ ሠራተኞች ከቤት የያዙት ንፍሮ ወይም ቆሎ ቢኖራቸው ከብስኩትና ለስላሳ ያድናቸዋል።

ደብረ ብርሃን ስሆን የበለጠ ይርበኛል። ብርዱ ነው?

ሊሆን ይችላል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ይቆነድዳል። ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት ያቃጥላል፤ ፍላጎትም ይጨምራል። ጋቢ ደርቦ ቤት ለሚውል ሰው ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትኩስ የባቄላ ሾርባ ይበቃዋል።

በርትቼ 10 ኪሎ ቀነስኩ። ዓመት ሳይሞላ ተመለሰ። ደካማ ነኝ?

አይደሉም። ይህን በደንብ ይስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የሜልበርን ጥናት ክብደት የቀነሱ ሰዎችን ሆርሞን ከዓመት በኋላ መልሶ ለካ። ግሬሊን አሁንም ከፍ ብሎ ነበር። ሌፕቲን፣ ፒዋይዋይና ሲሲኬ አሁንም ዝቅ ብለው ነበር። ሰዎቹም ከመጀመሪያው የበለጠ ይርባቸው ነበር። ሰውነት የጎደለውን ሊመልስ ይታገላል። ለረጅም ዘመን ረሃብን ሲያሳልፍ የኖረ አካል ነውና አይፈረድበትም።

ስለዚህ በወር 10 ኪሎ የሚያወርድ ጭንቅ ምግብ አይያዙ። ዓመት ሙሉ ሊበሉት የሚችሉትን ይምረጡ። በእግር መሄዱንም ይጨምሩበት። ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ግሬሊንን ለጊዜው ያወርዳል፤ ክብደት እንዳይመለስም በጣም ይረዳል።

ኦዜምፒክ የሚባለው መርፌ ይህንኑ ሆርሞን ነው የሚመስለው ይላሉ። ምግብ ያንን ሊተካ ይችላል?

መርፌው ጂኤልፒ-1ን የሚመስል መድኃኒት ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። ጆን ኤንግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጂላ ሞንስተር በምትባል መርዛማ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ ጂኤልፒ-1ን የሚመስል ነገር አገኘ። ከዚያ የተሠራው ኤክሴናታይድ እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ለስኳር ሕመም ተፈቀደ። ኦዜምፒክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ተከተለ። በውስጡ ያለው ሴማግሉታይድ ነው።

የራሳችን ጂኤልፒ-1 ደም ውስጥ በሁለት ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይፈርሳል። መድኃኒቱ ግን በሳምንት አንዴ ተወግቶ ሳምንቱን ይቆያል። ከፍ ባለ መጠን በተሰጠበት ትልቅ ጥናት ሰዎች በ68 ሳምንት ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ገብስም ባቄላም ይህን አያደርጉም። «የተፈጥሮ ኦዜምፒክ» እያለ ተልባ የሚሸጥልዎት ሰው እውነቱን አልነገረዎትም።

መድኃኒቱም ጣጣ አለው። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው። ሲያቆሙት ክብደቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በቴሌግራም ከማያውቁት ሰው መርፌ ገዝተው አይወጉ። የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ የሚያዝለት ግን ሐኪሙ ነው።

ለእንግድነት ሄጄ «በሞቴ» እያሉ ሲያጎርሱኝስ? እንቢ ማለት ይከብዳል።

ይከብዳል፤ እንቢም አይበሉ። ቀስ ብለው ይብሉ። ከመሶብ አብሮ ሲበላ ያልቸኮለ ሰው ሁልጊዜ የሚበላ ይመስላል፤ ማንም «አልበላህም» አይለውም። ሁለተኛ እንጀራ ከመጨመሩ በፊት ወጥ ይጠይቁ። የቤቱ እመቤት ወጧ ስለተወደደላት ደስ ይላታል። የጉርሻውንም ፍቅር ተቀብለው ቀጣዩን ለጎንዎ ሰው ያጉርሱ።

እናቴ በዕድሜ ገፍተዋል። ሁለት ጊዜ ጎርሰው «ጠገብኩ» ይላሉ።

እስካሁን ያልኩትን ለእሳቸው ይገልብጡት። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ጨጓራ ምግብን ቀስ ብሎ ያወርዳል፤ ሲሲኬም ከፍ ይላል። ጥጋቡ ያለጊዜው ይመጣል። ስለዚህ አሰር የበዛበት ነገር አያብዙባቸው። በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አምስት ጊዜ ያህል ያቅርቡ። ገንፎው ላይ ቅቤ፣ እንቁላል በወተት፣ አጥሚት የመሳሰለውን ይስጧቸው። ብቻቸውን አያብሏቸው፤ ከሰው ጋር ሲሆኑ የበለጠ ይበላሉ። ጥርሳቸውንና የሚወስዱትን መድኃኒት ያስመርምሩ። አንዳንዱ መድኃኒት ፍላጎት ይዘጋል።

ለሕፃናትም ያው ነው። ጨጓራቸው ትንሽ ነው። ቀጭን ሾርባና ወፍራም ገለባ ሆዳቸውን ሞልቶ ጉልበት አይሰጣቸውም። ገንፎ ላይ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤና በደንብ የተፈጨ ጥራጥሬ ይጨምሩ። እርጉዝና የምታጠባ እናት ደግሞ የምትጠግብበትን እንጂ ረሃቧን የምትዘጋበትን ዘዴ አትፈልግ።

መቼ ነው ሐኪም ዘንድ የምሄደው?

እየበሉ ክብደት ከቀነሱ ይሂዱ። ረሃቡ ከውሃ ጥምና ሽንት ከመመላለስ ጋር ከመጣ የስኳር ሕመም ሊሆን ይችላል። ረሃቡ ከልብ ምት መፍጠን፣ ከማላብና ከእጅ መንቀጥቀጥ ጋር ከሆነ የእንቅርት ሆርሞን ይመርመር። ጥቂት በልቶ ወዲያው መጥገብ፣ ማስመለስ፣ የጠቆረ ሰገራ ካለ አይዘግዩ። ሰው ሳያይ ብዙ እየበሉ በኋላ በጣም የሚያፍሩና የሚጨነቁ ከሆነም ሕመም ነው፤ ሕክምና አለው። የደም ስኳሩን ምርመራ ጤና ጣቢያ ከጣት በተወሰደ ጠብታ ደም ይሠሩልዎታል። ቁርስ ሳይበሉ በጠዋት ይሂዱ፤ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ይዘው ይሂዱ።